ከትንሽ ሳጥን እውነተኛ ቤዝ ይወጣል ወይ? ስለ ትናንሽ ስፒከሮች የተካሄደ ረጅም ክርክር

የመክፈቻው ጽሑፍ

የውይይቱን ክር የከፈተው ሰው 2 ሊትር የምትይዝ ሳጥን ሊሠራ አስቧል። የሚገጥመው ባለ 3 ኢንች ስፒከር ነው። የሚፈልገው ደግሞ እስከ 40 ኸርዝ (በሴኮንድ 40 ንዝረት) የሚወርድ፣ ሳሎን የሚሞላ ቤዝ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ነገሩ በአራት በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አቋምም ጨመረበት። ዛሬ ኃይለኛ አምፕሊፋየር እንደ ልብ ይገኛል፣ ዲጂታል ማስተካከያው ዲኤስፒም በየመሣሪያው ውስጥ አለ፣ ስለዚህ የሳጥን መጠን ያለፈበት ጉዳይ ነው ባይ ነው። አሁንም ትልልቅ ሳጥን የሚሠሩት ከልማድ መላቀቅ ያቃታቸው ናቸው ሲል ደመደመ።

ክሩን ከላይ እስከ ታች ተከታትዬዋለሁ። ጥያቄው በየጊዜው ስለሚነሳ፣ እሰጥ አገባው ውስጥም ብዙ ቁም ነገር ስላለ፣ መልሶቹን በተራቸው አስቀምጣቸዋለሁ። የራሴንም ጣል አደርጋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ቤዝ የሚመጣው ከተገፋ አየር ነው። ትንሽ ስፒከር የሚሠራ ሰው ደግሞ ምን እንደሚተው ቀድሞ መወሰን አለበት። ይህን ሳይወስኑ የሚጀመር ሥራ መጨረሻው አያምርም።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው በትሕትና ጀመረ። ሐሳቡን አላጣጣለም። የስፒከሩን ቁጥሮች ብቻ ጠየቀ፦ በነፃ አየር የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ ስንት ነው? ኪው የሚባለው የመርገብ መለኪያውስ? ኮኑን፣ ማለትም አየር የሚገፋውን የስፒከሩን ፊት፣ የያዘው ላስቲክ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ጋር ይተካከላል? ኮኑ ሳይዛባ ስንት ሚሊሜትር ይሄዳል? እነዚህን ሳያውቁ ሳጥን መቁረጥ እንጨት ማባከን ነው አለ። የመለኪያዎቹንም ታሪክ ባጭሩ አስታወሰ። ኔቪል ቲል በ1961 አውስትራሊያ ውስጥ መሠረቱን ጣለ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ስሞል አስፋፋው። እስከ ዛሬ ድረስ በስፒከር ወረቀቶች ላይ የምናያቸው ቁጥሮች የሁለቱን ስም የያዙ ናቸው።

መልስ 2

ሁለተኛው አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር። የሆፍማንን የብረት ሕግ ጠቀሰ። አንቶን ሆፍማን ኬኤልኤች የተባለውን የስፒከር ኩባንያ ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ በኩባንያው ስም ውስጥ ያለው ሦስተኛው ፊደል የእሱ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ሳጥን፣ ዝቅ ያለ ቤዝ፣ በትንሽ ኃይል ከፍ ያለ ድምፅ። ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል፣ ሦስተኛው ይቀራል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብሎ ጨረሰ።

መልስ 3

እዚህ ላይ ጎራው ተለየ። ሦስተኛው የጠያቂው ደጋፊ ነው። ሕጉን አልካደም፤ ግን ከሦስቱ መተው ያለበት የትኛው እንደሆነ ዛሬ ግልጽ ነው አለ። ኃይሉን መተው ነው። ሳጥኑ ይነስ፣ ቤዙ ይውረድ፣ የጎደለውን አምፕሊፋየሩ ይሙላው። ሊንክዊትዝ ትራንስፎርም የሚባለውን ዘዴ እንደ ማስረጃ አቀረበ፤ በዝግ ሳጥን ውስጥ ያለን ስፒከር በኤሌክትሮኒክስ ታግዞ ከተፈጥሮው በታች እንዲወርድ የሚያደርግ ነው። ንግግሩ ላይ ትንሽ ንቀት ነበረበት። ሁለተኛውን ሰው ያረጀ መጽሐፍ የሚያነብ አስመሰለው።

መልስ 4

አራተኛው መልስ ለእኔ የክሩ ልብ ነው። የጻፉት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በድምፅ መሣሪያ ጥገና የኖሩ ሰው ናቸው። ሌሎቹ ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ጋሼ ማንንም አልተቹም። እርሳስና ወረቀት አንሱ አሉና ሒሳቡን ዘረጉት።

ባለ 3 ኢንች ስፒከር የሚገፋበት ስፋት 30 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኮኑ ወደ ፊት 3 ሚሊሜትር ይሂድ እንበል። የሚገፋው አየር 9 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በዚህ አየር 100 ኸርዝ ላይ በ1 ሜትር ርቀት ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው ድምፅ 87 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ደህና ነው። ወደ 50 ኸርዝ ሲወርድ ግን ያው አየር የሚሰጠው 75 ዴሲቤል ብቻ ነው። ምክንያቱም ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ ያንኑ የድምፅ መጠን ለማግኘት አራት እጥፍ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ አምፕሊፋየር አይለውጠውም። ኮኑ ከሄደበት በላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ከዚያ ለማነጻጸር ባለ 8 ኢንች ስፒከር አመጡ። ስፋቱ 210 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ጉዞው 6 ሚሊሜትር። የሚገፋው አየር የትንሹ 14 እጥፍ ነው። ልዩነቱ 23 ዴሲቤል ይሆናል። ትልልቅ ስፒከር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቁጥር ስለሚያውቁ እንጂ ከልማድ አይደለም ብለው በጨዋ ደንብ ዘጉት። ጠያቂው ለተናገረው መልስ እንደሆነ ማንም ይገባዋል።

መልስ 5 እና 6

ጠያቂው ቁጥሮቹን ይዞ መጣ። ማስተጋቢያው 70 ኸርዝ፣ ኪው 0.5፣ የላስቲኩ ልስላሴ ከ2 ሊትር አየር ጋር እኩል፣ የኮኑ ጉዞ 3 ሚሊሜትር። ስድስተኛዋ ሒሳቡን ወዲያው ሠራችለት። ሳጥኑም 2 ሊትር፣ የስፒከሩ ልስላሴም 2 ሊትር ስለሆነ፣ በዝግ ሳጥን ውስጥ ማስተጋቢያው በ1.41 ተባዝቶ ወደ 99 ኸርዝ ይወጣል። ኪው ወደ 0.7 ይሆናል። 0.7 ጥሩ ቁጥር ነው፤ ድምፁ አይጎረምርም፣ አይደርቅምም። ግን ከ99 በታች ቤዙ በፍጥነት ይወርዳል። 50 ኸርዝ ላይ 12 ዴሲቤል ይጎድላል። እሱ በሚፈልገው 40 ላይ ደግሞ 16 ዴሲቤል።

16 ዴሲቤል ማለት 40 እጥፍ ኃይል እንደሆነም አስረዳችው። በ1 ዋት ይሰማ የነበረውን ለመመለስ 40 ዋት ይጠይቃል። የትንሽ ስፒከር ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ከሚገባበት ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከ1 በመቶ ያነሰውን ነው። ቀሪው ሙቀት ነው። ኮይሉ ሲግል ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ ይጨምራል፣ ድምፁም ይዳከማል።

ይህን በወሬ አልተወችውም። አንዱን ስፒከር ጠረጴዛ ላይ አድርጋ 40 ኸርዝ ስትሰድበት ያየችውን ጻፈች። ኮኑ ከፍጥነቱ የተነሳ ዳር ዳሩ ደብዝዞ ይታያል። የጎማው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ድምፅ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ስስ ንዝረት ብቻ ነው። ትንሽ ስትጨምርበት ኮይሉ ከኋላው ብረት ጋር ተጋጭቶ ቋ አለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ስፒከር ባነሰ ድምፅ ስታጫውተው እንኳ ይፋጫል። ቤዝ ፍለጋ ስፒከር የሚገድል ሰው ይህን መልስ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

መልስ 7

ሦስተኛው ሰው ተመለሰ። አሁን ተቆጥቷል። ሁሉም ሰው ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ አይሰማም አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲሰማ ኮኑ ብዙ ቦታ ይተርፈዋል። ደግሞም ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ቤዙን ቀድሞ ነው የሚያጣው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን ይህን በ1933 አሳይተዋል። ስለዚህ ዲኤስፒው ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙን ያነሳዋል፣ ድምፅ ሲጨምር ደግሞ ቤዙን ቀስ እያደረገ ወደ ታች ይመልሰዋል። ጥሩ ተደርገው የተሠሩ ትናንሽ ስፒከሮች የሚያስገርመን በዚህ ነው።

አነጋገሩ ቢከፋም ነገሩ ልክ ነው። ከጋሼ ሒሳብ ጋርም አይጣላም። እንዲያውም የሚያረጋግጥለት ነው። ቤዙ ድምፅ ሲጨምር የሚቀነሰው አየሩ ስላለቀ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ጎራዎች ስለ አንድ ነገር እያወሩ እንደሆነ ማየት ነበረባቸው። አላዩም።

መልስ 8፣ 9 እና 11

ወሬው ወደ አየር ቱቦ ዞረ። አንዱ ለምን ሳጥኑ ላይ ቀዳዳ አይከፈትም አለ። አልበርት ቱራስ በቤል ቤተ ሙከራ ሠርቶ በ1932 ፓተንት ያገኘበት ሐሳብ ነው። ከኋላ የሚባክነው ድምፅ በቱቦው በኩል ይወጣና ቤዙን ያግዘዋል።

ዘጠነኛው ግን ቁጥሩን አሳየው። 2 ሊትር ሳጥን 50 ኸርዝ ላይ እንዲያስተጋባ፣ 3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ርዝመቱ 40 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የቱ ሳጥን ውስጥ ይገባል? ቱቦው ብቻውን ከሳጥኑ ውስጥ 0.3 ሊትር ይወስዳል። ቀጭን ስለሆነም አየሩ በፍጥነት ሲያልፍ እፍ እፍ የሚል ጩኸት ያመጣል። ይህን ለማስቀረት ቱቦውን ወደ 5 ሴንቲሜትር ያሰፉት እንደሆነ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ያልፋል።

አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይበላሻል። የትንሽ ሳጥን ጣጣ ሁሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ ተጠቅልሎ አለ።

አሥራ አንደኛው ይህን ተቀብሎ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ። ቱቦ ያለው ሳጥን ከተስተካከለበት ድግግሞሽ በታች ኮኑን የሚይዘው ነገር ያጣል። ዝግ ሳጥን በእያንዳንዱ ኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል ሲወርድ፣ ባለ ቱቦው 24 ይወርዳል፤ ኮኑ ግን ያለ ሥራ ይወራጫል። ስለዚህ ከዚያ በታች ያለውን ሙዚቃ የሚቆርጥ ማጣሪያ የግድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። እኔም አጥብቄ እደግፈዋለሁ፤ ለትንሽ ስፒከር ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ማጣሪያ ነው።

መልስ 10

በመሐል የገባው አሥረኛው መልስ መውጫውን አሳየ። በቱቦው ፈንታ ፓሲቭ ራዲያተር ማስገባት። ማግኔትም ኮይልም የሌለው ኮን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ባለው አየር ተገፍቶ ይንቀሳቀሳል። ሃሪ ኦልሰን በ1935 ፓተንት ያወጣበት ነገር ነው። የ1 ሜትር ቱቦ ውስጥ ያለ አየር የሚሠራውን ሥራ ጥቂት ግራም ክብደት ይሠራዋል። እፍ የሚል ጩኸት የለም። ቦታ አይወስድም።

ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቀ። አንደኛ፣ ራዲያተሩ ሊገፋው የሚችለው አየር ቢያንስ የስፒከሩን እጥፍ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አንድ ብቻ ከተገጠመ ሳጥኑን ይነቀንቀዋል። የእሱ የመጀመሪያ ሥራ ጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ ጠርዝ ድረስ ደርሶ ነበር። ቀጥሎ የሠራው ላይ ሁለት ራዲያተር ግራና ቀኝ ጀርባ ለጀርባ ገጠመ። አንዱ ወደ ግራ ሲገፋ ሌላው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ግፊታቸው ይጣፋል። ሳጥኑ አናት ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጦ ቤዙን ከፈተው። ራዲያተሮቹ እየተወራጩ የውሃው ፊት አልተንቀጠቀጠም።

መልስ 12 እስከ 14

አሥራ ሁለተኛዋ ሌላ መንገድ አመጣች። ጆሮ የ50 ኸርዝን መሠረታዊ ድምፅ ባይሰማም፣ የ100ን፣ የ150ንና የ200ን ሃርሞኒኮች (የመሠረታዊው ድምፅ ብዜቶች) አንድ ላይ ከሰማ 50ውን ራሱ ይሞላዋል። የስልክ ድምፅ ላይ የወንድ ድምፅ ወፍሮ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው። ዲኤስፒ እነዚህን ሃርሞኒኮች ሆን ብሎ ሊጨምር ይችላል።

አሥራ ሦስተኛው ይህን ሲያይ ነደደው። ማታለል ነው አለ። ሙዚቀኛው ያልተጫወተውን ድምፅ መጨመር ነው፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ጥራት አያውራ ብሎ ልክ ልኳን ነገራት። እሷም አልተወችውም። እሱ የሚወደው ትንሽ ስፒከር ኮኑ ሲጨናነቅ ያንኑ ሃርሞኒክ ራሱ እየፈጠረ እንደሆነ፣ ልዩነቱ የእሱ ያልታሰበበት መሆኑ ብቻ እንደሆነ መለሰች። አሥራ አራተኛው ሁለቱንም አረጋጋ።

የእኔ ፍርድ ወደ እሷ ያዘነብላል፣ ግን በልክ ከሆነ ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኢ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ትንሽ ስፒከር ላይ ያ ኖታ የሚገባን በሃርሞኒኮቹ ነው። የከበሮ ምት ደረት ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ግን ምንም ዘዴ አያመጣውም። ያ አየር ይፈልጋል።

መልስ 15 እና 16

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ተበተነ። አንዱ ታዲያ ጆሮ ላይ የሚደፋ ሄድፎን እንዴት 30 ኸርዝ ያወጣል ብሎ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት። ሄድፎን ክፍሉን በሙሉ ማናወጥ አይጠበቅበትም። በጆሮና በስፒከሩ መካከል የተዘጋችውን ጥቂት አየር ብቻ ማጨናነቅ ነው ያለበት። አየሩ ዳር ላይ ሲያመልጥ ቤዙ ብን ብሎ ይጠፋል። ከርዕሱ ቢወጣም ደስ የሚል መልስ ነው።

መልስ 17

አሥራ ሰባተኛው ስለ ቦታ ነበር። ስፒከሩን ከክፍሉ መሐል አንስቶ ግድግዳ ማስጠጋት ቤዙን እስከ 6 ዴሲቤል ያነሳዋል። ጥግ ላይ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። 6 ዴሲቤል አራት እጥፍ ኃይል ነው፣ ያለ ምንም ሽቦ። የ50 ኸርዝ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ስለሚረዝም ግድግዳው የሳጥኑ አካል ያህል ነው የሚያገለግለው። ጥግ ላይ ሲጎረምር ግን ትንሽ መሳብ ያስፈልጋል።

መልስ 18 እና 19

አሥራ ስምንተኛው ሳጥኑ ውስጥ የፖሊስተር ጥጥ መሙላት ሳጥኑን ትልቅ ያስመስለዋል አለ። አሥራ ዘጠነኛው አረመው። በንድፈ ሐሳብ ጣሪያው 40 በመቶ ነው፣ በተግባር ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚገኘው። ለዝግ ሳጥን ይጠቅማል። ራዲያተር ባለው ሳጥን ውስጥ ግን ታጭቆ ከተሞላ እንቅስቃሴውን ያፍነዋል፣ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ስስ አድርጎ ማልበስ ይበቃል።

ይኸው ሰው ስለ ስንጥቅም አነሳ። ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው። በሽቦ መግቢያው ወይም በአንድ ብሎን ቀዳዳ የሚያመልጥ አየር ሥራውን ሁሉ ሊያበላሸው ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው። ዝግ ሳጥን ከሆነ ኮኑን በጣት በቀስታ ገፍቶ መልቀቅ። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ በደንብ ታሽጓል፣ ጥርቅ ብሎ ከተመለሰ ያፈስሳል። ከዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ እያጫወቱ እርጥብ ጣት በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ማዞር ነው። ንፋሱ ጣት ላይ ይታወቃል።

መልስ 20

ጠያቂው በመጨረሻ ተመለሰ። 40 ኸርዝን ትቶታል። ሳጥኑን ወደ 4 ሊትር አሳድጎታል። ሁለት ራዲያተር ጀርባ ለጀርባ፣ ማስተካከያው 55 ኸርዝ ላይ፣ ከ45 በታች የሚቆርጥ ማጣሪያ፣ ድምፅ ሲጨምር ቤዙን የሚቀንስ ዲኤስፒ። በስድስተኛዋ ሒሳብ መሠረት ይህ ቤዙን ወደ 50 ኸርዝ ገደማ ያወርደዋል። ከዝግ ሳጥኑ ጋር ሲተያይ አንድ ኦክታቭ የሚጠጋ ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ሰው ይህን እንደ ድሉ ቆጠረው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሁለቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው ብዬ አምናለሁ።

መልስ 21

አንዱ ለምን ይህ ሁሉ ድካም፣ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያጫውት ስፒከር) ለብቻው አስቀምጦ ትንሿን ከ120 ኸርዝ በላይ ብቻ ማጫወት አይሻልም ወይ አለ። ይሻላል፣ ቦታ ላለው ሰው። መልስ ሳያገኝ ታለፈ።

መልስ 22

የመጨረሻው መልስ ከጋሼ ነው። ራዲያተሮቹን በሙጫ ከማተማቸው በፊት ክብደታቸውን እንዲያስተካክል መከሩት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆነ አንዱ ይቀድማል፣ ሳጥኑም መነቅነቅ ይጀምራል። የሚጨመሩትን ብሎኖችና ሮንዴላዎች በሚዛን መዝኖ፣ ልክ መሐል ላይ ማሰር አለበት፤ ወደ ጎን ያደላ ክብደት ኮኑን ያጣምመዋል።

ከዚያ የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መከላከል በየድግግሞሹ ይለካ። ሁለት ጉብታ ያያል። በሁለቱ መሐል ያለው ሸለቆ ሳጥኑ በትክክል የተስተካከለበት ቦታ ነው። ሸለቆው 62 ኸርዝ ላይ ቢወድቅ 62ን ለ55 ያካፍል፣ ውጤቱን በራሱ ያባዛ። 1.27 ይመጣል። እያንዳንዱ ራዲያተር ኮኑንም ጨምሮ አሁን ከሚመዝነው 27 በመቶ ይጨመርበት፣ እንደገና ይለካ፣ ሸለቆው 55 ላይ ሲያርፍ ብቻ ሙጫውን ይቀባ።